ገበያው ሲመለስ ያልተመለሰው ገንዘብ

(በሬዲዮ ዝግጅታችን ከቀረበ ንግግር የተወሰደ)

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም። ምስጋና ሁሉ ለአላህ (ሱ.ወ.) የተገባ ነው። የአላህ ሰላትና ሰላም በነብያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸው፣ በባልደረቦቻቸውና መንገዳቸውን በተከተሉ ሁሉ ላይ ይሁን።

የዛሬው ርእሳችን ስለ ጾም ወይም ስለ ሰላት አይደለም፤ ስለ ገንዘብ ነው። ይሁንና ገንዘብም ከዲን ውጭ አይደለም። ሰው የቂያማ ቀን ስለ ገንዘቡ ሁለት ነገር እንደሚጠየቅ ሁላችንም ከልጅነታችን ጀምሮ ሰምተናል፤ ከየት እንዳገኘውና በምን ላይ እንዳዋለው። እዚህ አሜሪካ የምንኖር ወገኖች ታክሲ እየነዳን፣ በሆስፒታልና በአረጋውያን መጦሪያ ሌሊት እየሠራን፣ በመኪና ማቆሚያ በረንዳ ብርድ እየመታን ያጠራቀምነው ገንዘብ ሁለተኛውን ጥያቄ እንዲመልስልን እንፈልጋለን።

ይህን ርእስ ስናነሣ ሌላውን ለመውቀስ አይደለም። በመጀመሪያ የምንወቀሰው እኛው ነን። ነገሩ የደረሰበትን ወንድማችንን አስፈቅደን እንዴት እንደሆነ እንንገራችሁ፤ ስሙንና ሰፈሩን ግን አንጠቅስም።

የአንድ ወንድማችን ታሪክ

ይህ ወንድማችን ወሎ ያሉ እናቱን ወደ ሐጅ ለመውሰድ ነይቶ ለዓመታት ገንዘብ ሲያስቀምጥ ቆየ። 12,000 ዶላር ሲሞላለት የኮሮና በሽታ መጣ። እንደምታስታውሱት እ.ኤ.አ. በ2020ና በ2021 ሐጅ የተፈቀደው በሳዑዲ ዓረቢያ ውስጥ ለሚኖሩ ጥቂት ሰዎች ብቻ ነበር። ገንዘቡ ባንክ ተቀመጠ። ወለድ አይፈልግም፤ ዝም ብሎ መቀመጡም ከነከነው። በዚያ ዘመን ደግሞ ወጣቱ ሁሉ በስልኩ አክሲዮን የሚገዛበት ጊዜ ነበር።

በ2021 መጨረሻ ላይ አንድ ጁምዓ፣ ከሰላት በኋላ ጫማችንን እያጠለቅን ሳለ ጠጋ ብሎ «ኡስታዝ፣ አክሲዮን መግዛት ይፈቀዳል?» አለን። «የኩባንያው ሥራ ሐላል ከሆነ፣ ዕዳውም ካልበዛ፣ አዎ» አልነው። «የትላልቅ የቴክኖሎጂ ኩባንያዎች ፈንድ ነው» አለ። «ኢንሻ አላህ ችግር የለውም» ብለን ወጣን። ፈንዱ በምን ዓይነት መንገድ እንደሚሠራ አልጠየቅንም። መድረሳ የተማርነው የሙዓመላት ፊቅህም ሆነ ኮሌጅ የተማርነው ሒሳብ በዚያች ሰዓት አልጠቀመንም፤ ቆም ብለን ለመጠየቅ ጊዜ አልሰጠንማ!

ወንድማችን የገዛው ናስዳክ 100 የሚባለው ኢንዴክስ በቀን የሚያሳየውን እንቅስቃሴ ሦስት እጥፍ አድርጎ ለመከተል የተሠራ ፈንድ ነበር። ኢንዴክሱ ዛሬ 1 በመቶ ቢወጣ ፈንዱ ወደ 3 በመቶ ይወጣል፤ 1 በመቶ ቢወርድም ወደ 3 በመቶ ይወርዳል። በእንግሊዝኛ «ሌቨሬጅድ ኢ.ቲ.ኤፍ.» ይሉታል።

2022 ለገበያው ክፉ ዓመት ሆነ። ናስዳክ 100 በዚያ ዓመት ወደ 33 በመቶ ወረደ። የወንድማችን ፈንድ ግን ወደ 79 በመቶ ወረደ። 12,000 ዶላሩ 2,500 ገደማ ሆነ። ፊቱ ጠቁሮ ሲመጣ «ሰብር አድርግ፤ ገበያ ይወርዳል፣ ይወጣል» አልነው። ይኸው ሁለተኛው ስሕተታችን ነው።

በ2022 ሐጅ ለውጭ አገር ሰዎች ሲከፈት ዕድሜያቸው ከ65 ዓመት በታች ለሆኑት ብቻ ስለነበር እናቱ አልቻሉም። በ2023 የዕድሜ ገደቡ ተነሣ። እናቱም ከወሎ ደውለው «ልጄ፣ በሩ ተከፍቷል አሉ፤ እንዴት ነው ነገሩ?» አሉት። እርሱ ግን የሚሰጠው መልስ አልነበረውም። በሩ ሲከፈት እጁ ባዶ ሆነ።

ሰብሩን ቀጠለ። በ2023 ገበያው ተነሣ። ዓመቱ ሲያልቅ ናስዳክ 100 በ2021 መጨረሻ ላይ ከነበረበት አልፎ ሄደ። ወንድማችን እየሮጠ ሒሳቡን ከፈተ። 7,300 ዶላር ገደማ ነበር። ወደ መስጂድ መጥቶ ያለን ቃል እስከ ዛሬ በጆሯችን አለ፤ «ኡስታዝ፣ ገበያው ተመልሷል፤ የእኔ ገንዘብ ግን ለምን አልተመለሰም?»

መልስ አልነበረንም። ከዚያ በኋላ ነው ቁጭ ብለን ያጠናነው። ዛሬ የምናካፍላችሁ ያንን ነው።

ነገሩ እንዴት ይሠራል?

ኢ.ቲ.ኤፍ. የሚባለው የብዙ ኩባንያዎችን አክሲዮን በአንድ ቅርጫት ሰብስቦ፣ ቅርጫቱን ራሱን እንደ አንድ አክሲዮን በገበያ ላይ የሚያቀርብ ፈንድ ነው። ተራው ኢ.ቲ.ኤፍ. በቅርጫቱ ውስጥ ያለውን አክሲዮን በእርግጥ ይገዛል። ቅርጫቱ 10 በመቶ ቢወርድ የእናንተም ድርሻ 10 በመቶ ይወርዳል፤ ቅርጫቱ ወደ ቦታው ቢመለስ የእናንተም ይመለሳል። እዚህ ላይ ሰብር ዋጋ አለው።

ሁለት እጥፍና ሦስት እጥፍ የሚባሉት ግን ሌላ ናቸው። በአሜሪካ ገበያ የመጀመሪያዎቹ ባለ ሁለት እጥፍ ፈንዶች በ2006፣ ባለ ሦስት እጥፎቹ ደግሞ በ2008 መጡ። ሦስት እጥፍ ማለት የእናንተ 100 ዶላር የ300 ዶላር ሥራ ይሠራል ማለት ነው። 200ው የሌላ ሰው ነው። በተጨማሪም ይህ ሦስት እጥፍ በየቀኑ ምሽት እንደገና ይስተካከላል። ችግሩ ያለው እዚህ ማስተካከያ ላይ ነው።

በቡና ነጋዴ እንመስለው። ነጋዴው 100 ዶላር አለው። 200 ዶላር ተበድሮ የአንዱ ዋጋ 100 ዶላር የሆነ ሦስት ጆንያ ቡና ገዛ። አበዳሪው አንድ ደንብ አወጣበት፤ «ሁልጊዜ ማታ መጋዘንህ ያለው ቡና የራስህን ገንዘብ ሦስት እጥፍ መሆን አለበት፤ አይበልጥም፣ አያንስም» አለው።

በመጀመሪያው ቀን የጆንያው ዋጋ ወደ 90 ወረደ። ሦስቱ ጆንያ 270 ዶላር ሆነ። ዕዳው 200 ስለሆነ የነጋዴው የራሱ 70 ዶላር ቀረ። የ70 ሦስት እጥፍ 210 ነው። ስለዚህ ደንቡን ለመጠበቅ በዚያው ምሽት የ60 ዶላር ቡና በርካሽ ዋጋ መሸጥ ግድ ሆነበት። ሸጦ ከዕዳው ከፈለ። ዕዳው 140 ሆነ፤ መጋዘኑ ውስጥ ሁለት ጆንያና ሲሶ ቀረ።

በማግሥቱ የጆንያው ዋጋ ወደ 100 ተመለሰ። ያለው ቡና 233 ዶላር ሆነ። 140ውን ዕዳ ስንቀንስ ለነጋዴው 93 ዶላር ብቻ ይቀራል። ቡናው ተመልሷል፤ ነጋዴው ግን 7 ዶላር ጎድሎበታል። ማን ወሰደበት? ማንም አልሰረቀውም። ሲረክስ ሽጥ፣ ሲወደድ ግዛ የሚል ደንብ ነው የበላው። በዚያ ምሽት ደግሞ 93ቱን ሦስት እጥፍ ለማድረግ እንደገና ተበድሮ በተወደደው ዋጋ ቡና ይገዛል! መርካቶ ውስጥ ሲረክስ እየሸጠ ሲወደድ የሚገዛ ነጋዴ ብናይ ጤንነቱን እንጠራጠራለን።

ይህ መውረድና መመለስ አሥር ጊዜ ቢደጋገም፣ የቡናው ዋጋ እዚያው 100 ላይ ሆኖ፣ የነጋዴው ገንዘብ ወደ 50 ዶላር ይወርዳል። እርግጥ በቀን 10 በመቶ መናወጥ ለትልቅ ኢንዴክስ ብርቅ ነው። ግን 2 በመቶ ብቻ እንበል። ኢንዴክሱ አንድ ቀን 2 በመቶ እየወረደ፣ በማግሥቱ ወደ ቦታው እየተመለሰ፣ 250 ያህል የገበያ ቀናት ያሉትን አንድ ዓመት ቢጨርስ፣ ባለ ሦስት እጥፉ ፈንድ ውስጥ የገባው 100 ዶላር ወደ 74 ይሆናል። ይህ ወለዱና የአስተዳደር ክፍያው ሳይቆጠር ነው።

ተቆጣጣሪዎቹም ይህን ከጥንት ተናግረዋል። ኤስ.ኢ.ሲ. የሚባለው የአሜሪካ የአክሲዮን ገበያ ተቆጣጣሪ ኮሚሽንና ፊንራ የሚባለው የደላሎች ተቆጣጣሪ በኦገስት 2009 ለሕዝብ በጋራ ባወጡት ማስጠንቀቂያ አንድ ምሳሌ ሰጥተዋል። ከዲሴምበር 2008 እስከ ኤፕሪል 2009 ባሉት አምስት ወራት ውስጥ አንድ ኢንዴክስ 8 በመቶ ገደማ ወጣ። የዚያን ኢንዴክስ የዕለት እንቅስቃሴ ሦስት እጥፍ የሚከተለው ፈንድ ግን 53 በመቶ ወረደ። ኢንዴክሱ ሲወርድ እንዲያተርፍ የተሠራው ተቃራኒው ፈንድ ደግሞ 90 በመቶ ወረደ። ልብ በሉ፤ ይወጣል ያለውም ከሰረ፣ ይወርዳል ያለውም ከሰረ። ሁለቱም በአንድ ገበያ፣ በአንድ ወቅት ነው።

የወንድማችንን ጥያቄ እንግዲህ አሁን መመለስ እንችላለን። 100 ዶላር 79 በመቶ ከወረደ 21 ዶላር ይቀራል። 21 ዶላር 100 እንዲሆን ወደ አምስት እጥፍ መጠጋት አለበት። በ2023 ናስዳክ 100 ወደ 54 በመቶ ሲወጣ ፈንዱ ሦስት እጥፍ ሊሞላ ምንም አልቀረውም ነበር፤ ድንቅ ትርፍ ነው። ግን የ21 ሦስት እጥፍ 63 ነው። ለዚህ ነው ገበያው ተመልሶ የእርሱ ገንዘብ ያልተመለሰው። ፈንዱ አልዋሸም። የዕለቱን እንቅስቃሴ እንደሚከተልና ከአንድ ቀን በላይ ለሚይዘው ሰው ውጤቱ ሌላ ሊሆን እንደሚችል በመግለጫው ጽፏል። ያላነበበው ወንድማችን ነው፤ ያልጠየቅነው እኛ ነን።

«ግን ያተረፉ አሉ»

ከአድማጮቻችን መካከል «እኔ የማውቀው ሰው አትርፏል» የሚል እንደሚኖር እናውቃለን። እውነት ነው፤ አንክድም። ገበያው ብዙ ሳይናወጥ በተከታታይ ከወጣ ያ የምሽት ማስተካከያ ትርፉን ከሦስት እጥፍም በላይ ሊያደርሰው ይችላል። ይኸው ፈንድ በ2010 ከተጀመረ ወዲህ ሳይነቃነቅ የያዘው ሰው እጅግ ብዙ አትርፏል። ወንድማችን የገዛውም በ2024 ውስጥ ወደ ገዛበት ዋጋ ብቅ ብሏል። እርሱ ግን በዓመቱ መጀመሪያ ሸጦ ወጥቶ ነበር።

ታዲያ ጥቂት ወራት ቢታገሥ ምን ነበረበት? እንዲህ ማለት የሚቀለው ነገሩ ካለፈ በኋላ ነው። ከ12,000 ዶላር 2,500 እስኪቀር ሳይንቀሳቀስ የሚቀመጥ ሰው ስንት ነው? ከዚያስ የሚመለስበትን ቀን ማን ያውቃል? እናቱ የ70 ዓመት ሴት ናቸው። ጉልበታቸው የዘንድሮ እንጂ የከርሞ አይደለም። ገበያው ጊዜ አለው፤ እርሳቸው ግን የላቸውም።

ደግሞም ጨርሶ የማይመለስ አለ። በፌብሩወሪ 5 ቀን 2018 የአሜሪካ ገበያ በድንገት ሲናወጥ፣ ገበያው ጸጥ ባለ ቁጥር እንዲያተርፍ ተብሎ በክሬዲ ስዊስ ባንክ የወጣና ኤክስ.አይ.ቪ. በሚል ምልክት የሚሸጥ ሰነድ በአንድ ቀን ከ90 በመቶ በላይ ዋጋውን አጣ። በዚያው ወር ተዘጋ። ለዓመታት ያተረፈበት ሰው በአንድ ምሽት ባዶውን አደረ። ከ2022 አጋማሽ ወዲህ ደግሞ የአንድን ኩባንያ አክሲዮን ብቻ በእጥፍ የሚከተሉ ፈንዶች በአሜሪካ መሸጥ ጀምረዋል። ባለ ሁለት እጥፉ የሚከተለው አክሲዮን በአንድ ቀን በግማሽ ቢወድቅ የፈንዱ ገንዘብ ያልቃል።

ሸሪዓችን ምን ይላል?

እስካሁን የተናገርነው ማንም አስተዋይ ሰው የሚናገረውን ነው። ለሙስሊም ግን ከኪሳራውም በፊት የሚቀድም ጥያቄ አለ። ነገሩ ቢያተርፍስ ይፈቀዳል ወይ?

በመጀመሪያ ሪባን እንመልከት። ያ 200 ዶላር በነጻ አይመጣም። ፈንዶቹ ሦስት እጥፉን የሚያገኙት ብዙውን ጊዜ ስዋፕ በሚባል ከባንኮች ጋር በሚደረግ ውል ነው። ባንኩ የኢንዴክሱን እንቅስቃሴ ይሰጣል፤ ፈንዱ ደግሞ በወለድ የሚሰላ ክፍያ ለባንኩ ይከፍላል። በመያዣ የሚቀመጠውም ገንዘብ ወለድ የሚያስገኝ ሰነድ ላይ ይውላል። ስለዚህ በዚህ ፈንድ ውስጥ የተቀመጠ ሰው ራሱ ባንክ ሄዶ ባይፈርምም በገንዘቡ ወለድ ይከፈልበታል፣ ወለድም ይበላበታል። አላህ (ሱ.ወ.) ንግድን ፈቅዶ ሪባን እርም ማድረጉን የማያውቅ ሙስሊም ቤት የለም። ወለዱ በሦስት ሽፋን ተጠቅልሎ ስለመጣ ስሙ አይለወጥም።

ሁለተኛው ባለቤትነት ነው። ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ሰው በእጁ የሌለውን እንዳይሸጥ ከልክለዋል፤ ሐኪም ኢብን ሒዛም (ረ.ዐ.) ስለዚህ ጉዳይ መጠየቃቸው በሐዲስ ተዘግቧል። ገረር ያለበትን፣ ማለትም መጨረሻው የማይታወቅ፣ ጭልጥ ያለ ጥርጣሬ ያለበትን ሽያጭም ከልክለዋል። በስዋፕና በፊውቸርስ ውል ውስጥ አክሲዮኑ ከእጅ ወደ እጅ አይሄድም፤ የሚሄደው የዋጋው ልዩነት ብቻ ነው። ገበያው ሲወርድ እንዲያተርፉ የተሠሩት ተቃራኒ ፈንዶችማ ከናካቴው የሌለን ነገር እንደመሸጥ ናቸው።

ሦስተኛው መይሲር፣ ማለትም ቁማር ነው። የዓለም አቀፉ የኢስላም ፊቅህ አካዳሚ በ1992 ጅዳ ላይ ባደረገው ሰባተኛ ጉባዔ፣ በቁጥር 63 ውሳኔው፣ ስለ ገንዘብ ገበያዎች ተወያይቷል። ሐላል ሥራ ያላቸውን ኩባንያዎች አክሲዮን በመሠረቱ ፈቅዷል። ከደላላ በወለድ ተበድሮ አክሲዮን መግዛትን፣ እንዲሁም በኢንዴክስ ቁጥር ላይ መገበያየትን ግን ከልክሏል፤ የኋለኛውንም ከቁማር ቆጥሮታል። እንግዲህ «አክሲዮን ይፈቀዳል» የሚለው መልስ ትክክል ነው፤ ነገር ግን ወንድማችን የጠየቀን ስለ አክሲዮን አልነበረም። እኛ የሰማነው ስሙን ብቻ ነው።

በዕዳ ጉዳይ ላይ የነብያችንን (ሰ.ዐ.ወ.) ጥንቃቄ ማስታወስ ተገቢ ነው። አንድ የሞተ ሰው ጀናዛ ሲመጣላቸው ሁለት ዲናር ዕዳ እንዳለበት ሰምተው ራሳቸው ሳይሰግዱበት እንደቆዩ፣ አቡ ቀታዳ (ረ.ዐ.) «እኔ እከፍላለሁ» ሲሉ እንደሰገዱበት እናውቃለን። ሁለት ዲናር! ለችግር የተወሰደ ዕዳ እንዲህ የሚከብድ ከሆነ፣ ሳይቸግረን ለትርፍ ብለን በየምሽቱ የምናድሰው ዕዳ እንዴት ሊሆን ነው?

ምን እናድርግ?

አድማጮቻችን፣ ወቀሳ ብቻ ተናግረን አንለያይም። የሚከተሉትን ነጥቦች በቤታችሁ ተነጋገሩባቸው።

አንደኛ፣ ስም አንብቡ። በፈንዱ ስም ላይ «አልትራ»፣ «ቡል»፣ «ቤር»፣ «ሾርት»፣ «ኢንቨርስ»፣ «2ኤክስ»፣ «3ኤክስ» ወይም «ዴይሊ» የሚል ቃል ካያችሁ እጃችሁን ሰብስቡ። ከዚያም የፈንዱን መግለጫ የመጀመሪያ ገጽ ክፈቱ። ዓላማው የአንድን ቀን እንቅስቃሴ በእጥፍ መከተል ነው ካለ ነገሩ ይኸው የተናገርነው ነው። እንግሊዝኛው ከከበዳችሁ ልጆቻችሁ ያንብቡላችሁ፤ አታፍሩ።

ሁለተኛ፣ የገንዘቡን ዓይነት ለዩ። የሐጅ ገንዘብ፣ የዘካ ገንዘብ፣ የዕቁብ ገንዘብ፣ የየቲም ገንዘብ፣ ለቤት ኪራይና ለትምህርት ቤት የተቀመጠ ገንዘብ አለ። ቀን የተቆረጠለት ወይም የሌላ ሰው ሐቅ ያለበት ገንዘብ አማና ነው። እንኳን ሦስት እጥፍ ፈንድ ውስጥ፣ ሐላል ተብሎ በተመረመረ አክሲዮን ውስጥም መግባት የለበትም። አክሲዮን ለብዙ ዓመት ለማንነካው ገንዘብ ነው።

ሦስተኛ፣ ባልና ሚስት ተማከሩ። የወንድማችን ባለቤት ነገሩን የሰማችው ገንዘቡ ካለቀ በኋላ ነው። እርሷም ለዚያ ሐጅ ከሌሊት ሥራዋ አዋጥታ ነበር። ከኪሳራው ይልቅ መደበቁ ቤታቸውን እንዳናወጠው ሁለቱም ነግረውናል። ወላጆችም የጎልማሳ ልጆቻችሁን ስልክ ሳይሆን ልጆቻችሁን ጠይቁ፤ «ምን ገዛህ? እንዴት ነው የሚሠራው?» በሉ። ማስረዳት ካልቻለ ገና አልገባውም ማለት ነው።

አራተኛ፣ ሐላሉን መንገድ ፈልጉ። አሜሪካ ውስጥ ዕዳ ሳይጨምሩ፣ የኩባንያዎቹን ሥራና ዕዳ በሸሪዓ መለኪያ አጣርተው አክሲዮን የሚገዙ ፈንዶች አሉ። የአማና ፈንዶች ከ1986 ጀምሮ ነበሩ፤ በ2019 ደግሞ የዋሂድና የኤስ.ፒ. ፈንድስ ኢ.ቲ.ኤፍ.ዎች መጥተዋል። ይህን የምንለው ለማስታወቅ አይደለም፤ መንገድ መኖሩን ለማሳየት ነው። እነርሱም ይወርዳሉ፤ በ2022 ወርደዋል። ልዩነቱ ወርደው ሲመለሱ ገንዘባችሁ አብሮ የመመለስ ዕድል ያለው መሆኑ ነው። ከመግባታችሁ በፊት ግን የፈንዱን አሠራርም ሆነ የሸሪዓ አማካሪዎቹን ጠይቁ።

አምስተኛ፣ አሁን በዚህ ውስጥ ያለ ሰው ካለ ይውጣ። «የከሰርኩትን ላስመልስ» ብሎ አይቆይ፤ የቁማርተኛ ቃል ይህ ነው። ትርፍ ካገኘበት በትርፉ ምን ማድረግ እንዳለበት የሚያምንባቸውን ዑለማ ይጠይቅ። ሲጠይቅ ግን እንደ እኛ ጫማ እያጠለቀ ያለን ሰው አይጠይቅ። ቁጭ ብሎ፣ ወረቀቱን ይዞ ይጠይቅ። እኛ ኢማሞችም ያልገባንን «አናውቅም፤ እናጣራለን» ማለትን እንልመድ። ቀደምቶቹ ዑለማ «አላውቅም» ማለትን የዕውቀት ግማሽ ያደርጉት ነበር።

ይህን መጽሔት አገር ቤት ለምታነቡም አንድ ቃል አለን። የኢትዮጵያ የሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ በጃንዋሪ 2025 አዲስ አበባ ላይ ተመርቋል። ከወለድ ነጻ ባንኮችም ከተከፈቱ ቆይተዋል። ስለ አክሲዮን መጠየቅ የምትጀምሩበት ዘመን ነው፤ መልካም ዘመን ነው። ነገር ግን «አክሲዮን ሐላል ነው» የሚለውን አንድ ቃል ይዛችሁ አትሩጡ። የሚሸጠው ምንድን ነው? ባለቤቱ እኔ ነኝ ወይ? በመካከሉ ዕዳ አለ ወይ? እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች ከወዲሁ ልመዱ። ከባሕር ማዶ ዘመድ ደውሎ «በሦስት እጥፍ የሚያድግ ነገር አለ፤ ገንዘባችሁን ላስገባላችሁ» ቢላችሁ፣ በሦስት እጥፍ የሚወርድ መሆኑንም ጠይቁት።

ስለ ወንድማችን ጠይቃችሁን ከሆነ፣ ከፈንዱ የወጣውን 7,300 ዶላር ይዞ እንደገና ማጠራቀም ጀምሯል። ለእናቱ ደውሎ እውነቱን ነገራቸው። እኛም በአጠገቡ ነበርን፤ ጥፋታችንን ለእርሳቸው ራሳችን ለመናገር ነበር የሄድነው። እናቲቱ ሁሉንም ዝም ብለው ሰሙ። ከዚያ በኋላ «ልጄ፣ ሐጅ የቻለ ሰው ግዴታ ነው፤ ካልቻልኩ አላህ አያስገድደኝም። አንተ ግን እኔን ካዕባ አደርሳለሁ ብለህ በማታውቀው መንገድ አትሂድ» አሉት። ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ለረጅም ጊዜ ቁጭ አልን፤ ሁለታችንም ቃል አልወጣንም። በመድረሳ ለዓመታት የቀራነውን እኒያ እናት በሁለት ዓረፍተ ነገር ነግረውናል።

የዛሬ ንግግራችን ይኸው ነው። አላህ (ሱ.ወ.) ሪዝቃችንን ሐላልና በረካ ያለው ያድርግልን። ከሪባ፣ ከቁማርና ከከባድ ዕዳ ይጠብቀን። የእኒህን እናትና እንደ እርሳቸው የሚጠባበቁትን ሁሉ ቤቱን ለማየት ያብቃቸው። ላላጣራነው መልሳችን ይማረን። አሚን።